«ገባኝ» የሚለው አንገት

ነገሩ የጀመረው ቁልፍ በመርሳቴ ነው። ጠዋት ስወጣ የቤት ቁልፌን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ። እናቴ ደግሞ በዚያ በኩል ቀጠሮ ስለነበራት ልታቀብለኝ ትምህርት ቤት መጣች። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቶት ስለነበር ኋላ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሃያ ደቂቃ ብቻ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያቺ ሃያ ደቂቃ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

እናቴ አትሰማም። አባቴም እንደዚያው። እኔ እሰማለሁ። አፌን ከመፍታቴ በፊት ግን በእጄ ነው ያወራሁት። የምልክት ቋንቋን የተማርኩት ኮርስ ገብቼ ሳይሆን እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህርት ስሆን ማንም አልገረመውም። ባልደረቦቼ አንድ ምልክት ሲጠፋቸው የሚጠይቁት እኔን ነው። ወላጆችም ከልጃቸው ጋር መግባባት ሲያቅታቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔም እነዚህን ልጆች ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም ብዬ በልቤ አምን ነበር።

የዚያን ቀን ትምህርቱ የውሃ ዑደት ነበር። ሰሌዳው ላይ ባሕር፣ ፀሐይ፣ ደመና ሣልኩ። ውሃው እንዴት ተንኖ እንደሚወጣ፣ እንዴት ደመና ሆኖ እንደሚመለስ በእጄ አስረዳሁ። አንድ ክፍል በጨረስኩ ቁጥር ቅንድቤን ከፍ አድርጌ «ገባችሁ?» እላለሁ። ልጆቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ነበር። ጸጥ ያለ ነው። አይረብሽም፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አያነሳም፣ ስጠይቀው ሁሌ ቀድሞ የሚነቀንቀው እሱ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «በትኩረት ይከታተላል» ብዬ ጽፌለታለሁ።

የክፍሉ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ እኛ ጋ ደወሉ እሱ ነው። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። እናቴ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ያ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ልጅ ምንም አልገባውም» አለችኝ።

«ገብቶታል እንጂ! ስጠይቀው ገባኝ ብሏል እኮ።»

«አንገቱ ነው ገባኝ ያለው።»

ቅንድብ

ልጁ ገና አልወጣም ነበር፤ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነው። እናቴ ሄዳ አጠገቡ ያለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ከዓይኑ ጋር እኩል ሆነ። መጀመሪያ ስሟን ነገረችው፣ እሱም የምልክት ስሙን አሳያት። ከዚያ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ «ፀሐይ የምትወጣው ማታ ነው?» አለችው። ልጁ ነቀነቀ። «ዝናብ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ነው የሚዘንበው?» ነቀነቀ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነው የማየው፤ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ሦስተኛውን ጥያቄ መቼም አልረሳውም። ምክንያቱም ጥያቄ አልነበረም። እናቴ ሁለቱንም እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ምንም ሳትል፣ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አደረገች።

ልጁ ነቀነቀ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ የምልክት ቋንቋ፣ በሌሎችም ብዙ የምልክት ቋንቋዎች እንዲሁ፣ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ምልክቱ ያለው እጅ ላይ ሳይሆን ፊት ላይ ነው። ቅንድብ ይነሳል፣ አንገት ትንሽ ወደፊት ይሰግጋል። ሰዋስው ነው፤ በንግግር ድምፅ ከፍ ብሎ እንደሚያልቀው ዓይነት። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ለሌሎች መምህራንም አስተምሬዋለሁ። ልጁ ደግሞ ከዚያ ሰዋስው አንዷን ነገር ብቻ ለይቶ ይዟል። ቅንድብ ሲነሳ መነቅነቅ። እጄ የሚለውን ሳይሆን ቅንድቤን ነበር የሚጠብቀው። ያ «ትኩረት» ብዬ የጻፍኩት ነገር ቅንድብ ጥበቃ ኖሯል።

እናቴ አልተቆጣችውም፣ አልሳቀችበትምም። የእሱን አነቃነቅ መልሳ አሳየችው። ፈጠን ያለ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከንፈር ላይ ትንሽዬ ፈገግታ ያለበት። ከዚያ ወደ ራሷ ጠቁማ «እኔም። ዘጠኝ ዓመት» አለችው።

ልጁ ዝም ብሎ አያት። ቆይቶ እጁን አነሳ። «አንቺም?»

አብሮኝ በቆየበት ጊዜ ሁሉ እኔን አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«ልቀቂኝ» ማለት ነው

ማታ ቤት ገብቼ እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። ቀላል ነው አለችኝ። ልጁ የሚነቀንቀው ጥያቄዬ ሳያልቅ ነው። ሰው ሲገባው ዓይኑ ለአፍታ ወደ ሐሳብ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ የእሱ ዓይን ግን የትም አይሄድም። እኔ ይህን ያህል ጊዜ አስተምሬው አላየሁትም። እሷ በሃያ ደቂቃ አየችው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

እናቴ የተማረችው እጅ በማይፈቀድበት ትምህርት ቤት ነው። እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ከንፈር ላይ። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፅ ሳታወጡ «በላ» በሉ፣ ቀጥላችሁ «መላ» በሉ። ከንፈራችሁ አንድ ዓይነት ነው የሚንቀሳቀሰው። «ጠራ»፣ «ደራ»፣ «ተራ» ደግሞ ልዩነታቸው ያለው ጉሮሮ ጋ ስለሆነ ለተመልካች አንድ ቃል ናቸው። «ገና ነው» ስትሉ በዓሉን ይሁን «አልደረሰም» ማለታችሁን የሚለየው ጠበቅ ላላ ማለቱ ነው፤ እሱንም ከንፈር አያሳይም። እናቴ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ የተማረችው በዚህ መንገድ ነው። መማር ከተባለ።

«አልገባኝም ብትይስ?» አልኳት።

ሞክራ ታውቃለች። መምህሯ ቀረብ ትልና አፏን የባሰ ከፍታ ያንኑ ትደግመዋለች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያታል። አሁንም አልገባትም። ለሦስተኛ ጊዜ ይደገማል፣ የመምህሯ ፊት መቀያየር ይጀምራል። ከነቀነቀች ግን ሁሉም በሰላም ያልፋል። መምህሯ ደስ ይላታል፣ ልጆቹም ዓይናቸውን ያነሱላታል። «ገባኝ ማለት ልቀቂኝ ማለት ነው» አለችኝ እናቴ። «ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ልቀቂኝ እያለሽ ነው።»

ቤትም እንደዚያው ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲያወራ ድንገት ሁሉም ይስቃል። እሷ «ምንድን ነው?» ትላለች። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ይሏታል። ያ «በኋላ» አይመጣም። ስለዚህ እሷም አብራ መሳቅ ለመደች። ይህን ስትነግረኝ ዝም አልኩ። ምክንያቱም ያን «በኋላ» እኔም ብያታለሁ። በልጅነቴ ዘመድ ሲሰበሰብ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ፤ ሲደክመኝ፣ ወሬውም ሲጥመኝ «ቆይ እማ» እላት ነበር። ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላስታውስም። እሷ ታስታውሳለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት በዚህ ሐሳብ ነው። የእናቴን ቋንቋ ወርሻለሁ፣ ጆሮዬ ግን የሚሰማ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ አንድ ነገር ሲያመልጠኝ ጎኔ ያለችውን በሹክሹክታ እጠይቃለሁ። ወይ ሌላ ልጅ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ወይ መምህሮቹ በረንዳ ላይ ሲያወሩ ጆሮዬ ይጥልልኛል። ሰው ከሚያውቀው ነገር ምን ያህሉን ማንም ሳያስተምረው፣ እንዲሁ በጎን ሰምቶ እንዳገኘው አስቡት። መስማት የተሳነው ልጅ ያ በጎን የሚገባው የለውም። ፊት ለፊቱ፣ በሚያየው ቋንቋ ካልተነገረው አልተነገረውም። እኔ ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። እናቴ ኖራዋለች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕውቀት ይመስሉኝ ነበር።

«ስታድጊ መስማት አልጀመርሽም?»

በሚቀጥለው ሳምንት እንድትመጣ ለመንኳት፣ መጣች። መጀመሪያ የነካችው እኔን ነው። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ነበር የማስተምረው፤ ብርሃኑ ከኋላዬ ስለሚመጣ ፊቴ ለልጆቹ ጥቁር ጥላ ነው። ቅንድቤ ራሱ በደንብ አይታይም ማለት ነው። ክንዴን ይዛ ወደ ማዶው ግድግዳ ወሰደችኝ። ከዚያ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ አስደረደረች። በሰልፍ ሲቀመጡ አንድ ልጅ የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው፤ ጓደኛው የመለሰውን መልስ አያይም።

ከሁሉም የከበደኝ ሦስተኛው ነው። ወደ ሰሌዳው እየጠቆምኩ በሌላው እጄ አወራ ነበር። «ዓይናቸው አንድ ጥንድ ነው» አለችኝ። ሥዕሉን ካሳየሽ ጠብቂ፣ አይተው ይጨርሱ፣ ዓይናቸው ወደ አንቺ ሲመለስ ያኔ ተናገሪ። ሞከርኩት። ያ የመጠበቅ ጊዜ ለእኔ ረጅም ነው፤ ዝምታ ያስጨንቀኛል። ለእነሱ ግን ዝምታ አይደለም፣ እያዩ ነው። መስማት የተሳናቸው እናቶች ልጃቸውን ሲያሳድጉ ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳይነግራቸው ነው፤ የሕፃኑ ዓይን እስኪመለስ ይጠብቃሉ፣ ወይም ምልክቱን እሱ ወደሚያየው ነገር አጠገብ ወስደው ያሳዩታል። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። ግን አድጌ መምህርት ስሆን እንደ ሰሚ መምህሮቼ ነበር የማስተምረው።

በዕረፍት ሰዓት አንዲት ትንሽ ልጅ እናቴን ስታያት ቆየችና ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት። «አትሰሚም?» «አልሰማም።» «ትልቅ ሰው ሆነሽም?» «አዎ።» ልጅቷ ግራ ገባት። «ስታድጊ መስማት አልጀመርሽም?»

ልጅቷ መስማት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር መስሏት ነበር። ማንም አልዋሻትም። ግን በሕይወቷ ያየቻቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ፤ የማይሰሙት ልጆች ብቻ ናቸው። ራሷ አስልታ የደረሰችበት ነው። መስማት የተሳናቸው ሆነው ከሚወለዱ ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሚሰሙ ወላጆች ነው የሚወለዱት። መምህሮቻቸውም ሰሚዎች ከሆኑ፣ ልጁ ትልቅ ሲሆን ምን እንደሚመስል የሚያይበት ሰው የለም። ከዚህም የባሰ አለ። በልጅነታቸው ትልቅ ሰው ሆኖ የማይሰማ አይተው ስለማያውቁ፣ «እንደኛ ያሉት ሳያድጉ ይሞታሉ ማለት ነው» ብለው ያስቡ እንደነበር የሚናገሩ ሰዎች አሉ። እናቴ ያን ቀን ምንም አላስተማረችም፣ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር ብቻ። ልጅቷ ግን ስለ ራሷ የሚመጣ ዘመን ትልቅ ነገር ተማረች።

ከባለቤት በላይ ያወቀ

ከባለቤት በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ታሪክ ሲነበብ ይሄ ተረት ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1817 ሃርትፎርድ ከተማ ለተከፈተው ትምህርት ቤት መሠረት የሆነው ሎራን ክሌር የተባለ ፈረንሳዊ መምህር ነው፤ አይሰማም። እሱን ፓሪስ ካስተማሩት አንዱ ዣን ማሲዩም አይሰማም። ክሌር አብሮት ትምህርት ቤቱን ከመሠረተው ከሰሚው ቶማስ ጋሎዴት ጋር ውቅያኖሱን ሲያቋርጡ መርከብ ላይ ተማማሩ። እሱ ምልክት አስተማረ፣ ጋሎዴት እንግሊዝኛ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። አንዱ ብቻ አዋቂ፣ ሌላው ብቻ ተረጂ አልነበረም።

ከዚያ በ1880 ሚላን ላይ ጉባኤ ተደረገ። ትምህርት በንግግር ብቻ ይሁን፣ ምልክት ይቅር ተብሎ ተወሰነ። ከወሰኑት መካከል የማይሰሙት ከቁጥር የማይገቡ ነበሩ። ውሳኔው በብዙ አገር ሥር ሰደደ፣ እናቴ እጇን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ የተቀመጠችውም በዚያው ጥላ ሥር ነው። የቀረው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ መምህሮቹም ናቸው። ትምህርት በንግግር ከሆነ የማይሰማ መምህር ምን ይሠራል? በአሜሪካ በ1870 ገደማ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች መምህራን 40 በመቶ ያህሉ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲደርስ ወደ 15 በመቶ ወርደዋል። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ነቅናቂዎቹ ነው። ነቅናቂውን ልጅ ለይተው የሚያውቁት ሰዎች ከክፍል ወጡ፤ የቀረው የሚነቀነቅለት መምህር ነው።

ለዚያ ጉባኤ ውሳኔ ይፋዊ ጸጸት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ካናዳ ቫንኩቨር ላይ በተደረገ ተመሳሳይ ጉባኤ ነው። 130 ዓመት። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ መንግሥታት የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንን እንዲቀጥሩ ይላል፤ አካል ጉዳት ያለባቸውን መምህራን ጨምሮ ብሎ ለይቶ ይጠቅሳል። ወረቀቱ ላይ አለ።

የምስክር ወረቀቱስ?

እናቴን በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር ብትሆን ብዬ ስጠይቅ የተመለሰልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የምስክር ወረቀት አላት ወይ? የላትም። ለዓመቱ መዝጊያ ትጋበዝና አሥር ደቂቃ ትናገር፣ ለልጆቹ አርአያ ትሆናለች ተባለ። አርአያ የሚለውን ቃል አልጠላውም። ግን ሰው አርአያ ተብሎ ሲጋበዝ ይጨበጨብለትና ይሸኛል። ያ ልጅ ቅንድብ እንደሚጠብቅ ለማየት ከጭብጨባው በኋላ ክፍሉ ውስጥ መቆየት ያስፈልጋል።

ጥያቄው ግን ከንቱ ነው አልልም። ብዙ አስቤበታለሁ። አለመስማት ብቻውን መምህር አያደርግም፣ መስማትም እንደማያደርገው ሁሉ። እናቴ ክፍልፋይ እንዴት እንደሚተነተን አታውቅም፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው። ደግሞ የእሷ ሕይወት የሁሉም ሕይወት አይደለም። አንዲት በመስሚያ መሣሪያ በከፊል የምትሰማ ተማሪ አለችኝ። እናቴ ስለ እሷ ስትናገር ብዙ ጊዜ ተሳሳተች። ልጅቷ እየሰማች ችላ የምትል መሰላት። ልጅቷን የተረዳት በጉርምስናው መስማት ያቆመ፣ ዛሬም መሣሪያ የሚጠቀም አንድ ወዳጃችን ነው። «ድምፅ ይሰማታል፣ ቃል ግን አይሰማትም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይደክማታል፤ እኔንም ይደክመኛል» አለን። ስለዚህ አንድ ሰው አይበቃም። የተለያየ መንገድ የመጡ፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ያስፈልጋሉ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወረቀቱን የሚሰጠው ትምህርት፣ እናቴን ዘጠኝ ዓመት ያስነቀነቃት ትምህርት ነው። በማይገባት ቋንቋ አስተማሯት፣ ስለዚህ ወረቀት የላትም። ወረቀት ስለሌላት አታስተምርም፣ እሷ ስለማታስተምር የሚቀጥለው ልጅ ይነቀንቃል። ቋንቋችን ራሱ እኮ «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ለማይሰማም ለማያውቅም እኩል ሰጥቶታል። ስድቡን ትተን «መስማት የተሳናቸው» ማለት ለመድን፣ ጥሩ ነው። ሐሳቡን ግን ትተነዋል ወይ? ሲነግሩን ካላመንን፣ ያዩትን እንደ ዕውቀት ካልቆጠርንላቸው፣ የቀየርነው ቃሉን ብቻ ነው።

ሰማያዊ ሹራቡ ልጅ አሁንም ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው። እኔም «ገባችሁ?» ማለት ትቻለሁ። «ንገረኝ»፣ «ሣልልኝ»፣ «ለጎንህ አስረዳው» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ተጨንቆ ነበር፣ ቅንድቤን ፈልጎ ያጣል። ከአንድ ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ስለ ደመና መልሰን ስናወራ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና ሰሌዳውን አየ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። «አልገባኝም። ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። «አሁንም አልገባኝም።» ደገምኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ላይ እናቴን ዞር ብዬ ሳያት አንገቷን ወደ ልጁ አዘንብላ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ደመወዝ የለም፣ ውልም የለም፤ ለእሱ ገና እየጠየቅኩ ነው። በር ላይ የእንግዶች መዝገብ አለ። ስም፣ የገባችበት ሰዓት፣ የመጣችበት ምክንያት። ወራቱን ሙሉ ምክንያቱ ጋ «ጉብኝት» ነበር የምትጽፈው፣ ሌላ የሚጻፍ ስላልነበረ። ባለፈው ሐሙስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ «ማስተማር» ብላ ጻፈች። ጥበቃው መዝገቡን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበው። ከዚያ በሩን ከፈተላት።